ሁለት ክረምት የቆመች ሞተር ካርቡሬተር አጸዳድ

አጎቴ በከብት ክትባት ሥራ ሰቃ ጨቆርሳን ያዳረሱባት ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ሳይክል፣ ጡረታ ሲወጡ ጅማ ጅሬን ካለው ግቢያችን ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። ሁለት ክረምት አለፈባት። ባለፈው ጥቅምት ላስነሳት ስሞክር የምትነሳው ቾክ ሲሳብ ብቻ ነበር። ቾኩን ስመልሰው ቀጥ ትላለች፤ ቤንዚን ስሰጣት ታፍናለች።

ይህን ካያችሁ ካንዴላ ለመግዛት አትሩጡ፤ ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር ጠርጥሩ። ቤንዚን ሳይንቀሳቀስ ሲቀመጥ ቀላል ቀላሉ ተንኖ ያልቅና ቡናማ፣ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይቀራል። ዝቃጩ ቀድሞ የሚደፍነው ትንሿን ጂግለር፣ ቤንዚን የሚያልፍባትን ቀዳዳ ያላትን ነሐስ ነው፤ ሞተሩን ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቤንዚን ሳይሰጠው በዝግታ እየዞረ የምታቆየው እሷ ናት። የጅማ ክረምት ደግሞ የራሱን ይጨምራል። በግማሽ የተሞላ ታንክ ውስጥ እርጥበቱ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ከቤንዚን ስለሚከብድ ወርዶ ካርቡሬተሩ ሥር ይተኛል።

አንድ ጋራዥ ወስጄው «ይሄን ጣለውና አዲስ እንግጠምልህ» ተባልኩ። እምቢ አልኩ፣ ዛሬም እምቢ እላለሁ። አካሉ ካልተሰነጠቀና የብሎን ጥርሶቹ ካልተበሉ፣ ከሞተሯ ጋር የመጣው ካርቡሬተር ከገበያው ቅጂ ይበልጣል።

ሥራው ደጅ ላይ ይሁን። እኔ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳ ላይ ዕቃዬን ዘርግቼ ሳለ እናቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አቀጣጠለች። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ሄዶ እሳቱን ያገኘዋል። ሁሉንም ሰብስቤ በረካው እስኪጠጣና ከሰሉ እስኪጠፋ ጠበቅኩ። እናንተም ጠብቁ።

የቤንዚኑን መዝጊያ ዝጉ፤ ከመፍታታችሁ በፊት ውጭውን በብሩሽ እጠቡ፣ አለዚያ ጭቃው ወደ ውስጥ ይገባል። ከላይ ያለውን ክዳን ስታዞሩት ገመዱ፣ ስፕሪንጉና መርፌው አብረው ይወጣሉ። መርፌው ላይ ያለችው ትንሽ መያዣ ስንተኛው ጉድብ ላይ እንደተቀመጠች በስልክ ፎቶ አንሱ። በዚህች ሞተር ላይ ከእጀታው የሚወርደው ገመድ ተከፍሎ ወደ ዘይት ፓምፑም ስለሚሄድ እንዳትጎትቱት። ከዚያ የማያያዣውን ቀለበት አላልታችሁ ካርቡሬተሩን አውጡት።

ከሥሩ ያለውን ኩባያ ስከፍት ታቹ ላይ ነጭ ዱቄትና የደረቀ ሙጫ የመሰለ ነገር አገኘሁ፤ ሽታው የቆየ ቀለም ነው። የኩባያው ብሎኖች ጭንቅላት ለስላሳ ስለሆነ ልኩ የሆነ ካቻቪቴ በኃይል ተጭናችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ከውስጥ ያለው ተንሳፋፊ በውሃ ሮቶ ውስጥ እንዳለው ነው፤ ሲሞላ ይነሳና መግቢያውን ይዘጋል። ፒኑን በቀስታ ገፍታችሁ አውጡት፤ ከሥሩ የምትወድቀው ትንሽ መዝጊያ እንዳትጠፋባችሁ ነጭ ሳህን አስቀምጡ።

አሁን ወደ ጂግለሮቹ። ትልቁ በቀላሉ ይወጣል። ትንሿ ጠባብ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የተቀመጠች ነሐስ ናት፤ ካቻቪቴው ከቀጠነ ጭንቅላቷን ይበላዋል፣ ያኔ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። አውጥታችሁ ወደ ሰማይ ያዙና በቀዳዳዋ ተመልከቱ። የእኔዋ ጨለማ ነበረች። የካርቡሬተር ማጽጃ ረጭቼ፣ ንጹህ ቤንዚን ውስጥ አሳደርኳት፤ በማግስቱ ጎማ ቤት ወስጄ በኮምፕረሰር አስነፋኋት። እንደገና ወደ ሰማይ ስይዛት መሃሏ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታክል ክብ ብርሃን ታየች። ብርሃኑ ክብ ካልሆነ፣ ጨረቃ ከመሰለ ገና አልጸዳችም፤ መልሳችሁ ንከሯት። የብረት ሽቦ ወይም መርፌ በፍጹም አታስገቡ። ነሐስ ለስላሳ ነው፤ አንዴ ከሰፋ አይመለስም፣ ሞተሯ ዕድሜ ልኳን ቤንዚን ትበላለች። የግድ ከሆነ ከኤሌክትሪክ ገመድ አንዲት የመዳብ ክር ምዘዙ። የካርቡሬተሩን አካል ቀዳዳዎችም በአየር ንፉ፤ መነጽር አድርጉ፣ ማጽጃው ባላሰባችሁት ቀዳዳ ወጥቶ ዓይን ላይ ይረጫል። ማጽጃው ላስቲክ ያሳብጣል፤ ጎሚኒዎቹንና በኩባያውና በአካሉ መካከል ያለውን ማሸጊያ (ጓርኒሲዮን) አስቀድማችሁ አውጡ።

በጎኑ ያለችውን ማስተካከያ ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ወደ ውስጥ አዙሩና ስንት ዙር እንደሄደች ቁጠሩ፤ የእኔ አንድ ዙር ተኩል ነበረች። ስትነካ ቁሙ፣ አታጥብቁ። ብሎኗ በአየር ማጣሪያው በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው አየር ነው፤ ወደ ውስጥ ስትገባ ቤንዚኑ ይበዛል። በሞተሩ በኩል ከሆነች የምትቆጣጠረው ቤንዚን ነው፤ ስትገባ ይቀንሳል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳስቷልና ጉልበት ፍለጋ ሰፋ ያለ ጂግለር አትግጠሙ።

ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ሞተሯ ላይ ከመመለሳችሁ በፊት ካርቡሬተሩን ቀጥ አድርጋችሁ በቀጭን ቱቦ ትንሽ ቤንዚን አንቆርቁሩበት። ሞልቶ ካቆመ ጥሩ ነው፤ ከፈሰሰ መዝጊያዋ ጫፍ ላይ ቆሻሻ አለ ወይም ተበልታለች። ማያያዣው ቀለበት ላይ አየር እንዳይገባ በደንብ አጥብቁ። እንዲህ ያለች ዘይትና ቤንዚን አብራ የምታነድ ሞተር ቤንዚን ካነሳትና አየር ከበዛባት ፒስተኑ ግሎ ሲሊንደሩ ውስጥ ሊጣበቅ ይችላል።

ታንኩን ሳታጥቡ ይህን ሁሉ ብትሠሩ ድካማችሁ የሳምንት ነው። አሮጌውን ቤንዚን አዌቱ ወንዝ እንዳትደፉት፤ እኔ በጄሪካን ዘግቼ ብረት ለሚያጥብ ጋራዥ ሰጠሁት። በታንኩና በካርቡሬተሩ መካከል ትንሽ ፊልትሮ ግጠሙ።

በሦስተኛው ርግጫ ተነሳች። አጎቴ ጋቢያቸውን ደርበው ወጡና ኮርቻው ላይ እጃቸውን አድርገው አዳመጡ። «ሚኒሞው ከፍ ብሏል፣ ቀንስላት» አሉኝ። ሞተሩ እስኪሞቅ ጠብቄ የሚኒሞውን ብሎን ሩብ ዙር መለስኩት፤ ልክ ነበሩ።

ከአሁን በኋላ ከአንድ ወር በላይ የምትቆም ከሆነ የቤንዚኑን መዝጊያ ዘግቼ እስክትጠፋ አስነስቼ አቆያታለሁ፤ ከዚያም ከኩባያው ሥር ያለችውን ብሎን ፈትቼ የቀረውን አንጠባጥባለሁ።