የሸውሸዌ ችግኞቼ ለምን ቢጫ ሆኑ?

ሸውሸዌ የባሕር ዳርቻ ዛፍ ነው። ጨውም ንፋስም ይችላል፣ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው። የኔዎቹ ግን በ3ኛው ወር ቢጫ ሆነው ቁጭ አሉ።

ውሃ አንሷቸው ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። ባሰባቸው። ዩሪያ (የናይትሮጂን ማዳበሪያ) ሰጠኋቸው። ትንሽ አረንጓዴ አሉና መልሰው ገረጡ።

በመጨረሻ አንዱን ከነሥሩ አውጥቼ አየሁት። ሥሩ ልሙጥ ነው፣ አንድ እባጭ እንኳ የለውም። ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ሸውሸዌ እንደ ባቄላ ከአየር ናይትሮጂን የሚያገኘው ሥሩ ላይ እባጭ ሠርቶ በሚኖር ባክቴሪያ ነው፤ ፍራንኪያ ይባላል። የባቄላው ባክቴሪያ ሌላ ስለሆነ የባቄላ ማሳ አፈር አያድነውም። እኔ ደግሞ የተከልኩት የታጠበ አሸዋ ላይ ነው። ፍራንኪያ ከየት ይምጣ?

ካደገ ሸውሸዌ ሥር አንድ ባልዲ አፈር ቆፍሬ አመጣሁ። አንድ እጁን ከሦስት እጅ አሸዋ ጋር ደባልቄ ችግኞቹን አዛወርኩ። ዩሪያውን አቆምኩ፤ ናይትሮጂን በገፍ ካገኘ ሥሩ እባጭ ለማውጣት ይሰንፋል። ውሃም ላዩ ሲደርቅ ብቻ።

ከ2 ወር ገደማ በኋላ አዲሱ መርፌ አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። (መርፌ አልኩ እንጂ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው። እውነተኛው ቅጠል መገጣጠሚያው ላይ ያለችው ጥቃቅን ጥርስ ናት። ጥድ ቢመስልም ጥድ አይደለም።) ሥሩ ላይም እንደ ዶቃ የተሰበሰቡ እባጮች አየሁ።

አፈሩን ከጠወለገ ዛፍ ሥር ግን አትውሰዱ፤ በሽታውም አብሮ ይመጣል።