የካርኔጊ ሜለንን «አጥር» እንዴት እንቀባ?

አሜሪካ፣ ፒትስበርግ ከተማ ውስጥ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ አለ። ግቢው መሃል ሣር ላይ አንድ አጥር ቆሟል። ምንም አያጥርም። ከወዲህም ከወዲያም ሣር ነው፤ ሰው ዞሮት ያልፋል። ስሙም በቃ «አጥሩ» ነው። ተማሪዎች ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሌሊት ሌሊት እየተነሡ ሲቀቡት ኖረዋል። ጊነስ የዓለም ድንቃ ድንቅ መዝገብ ሳይቀር በዓለም ላይ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባ ነገር ብሎ መዝግቦታል።

ከመቀባታችሁ በፊት ታሪኩን እወቁት። ድሮ ግቢውን ሸለቆ ለሁለት ይከፍለው ነበር። በአንድ በኩል ወንዶቹ ይማራሉ፤ በሌላው በኩል በመሥራቹ በአንድሩ ካርኔጊ እናት ስም የተሰየመው የማርጋሬት ሞሪሰን የሴቶች ኮሌጅ ነበር። ወንዱና ሴቱ የሚገናኘው ድልድዩ ላይ ነው። ሸለቆው በአፈር ተሞልቶ ድልድዩ ሲቀር፣ መገናኛ ይሁናችሁ ተብሎ የእንጨት አጥር ተሠራላቸው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እንደሚባለው ሊፈርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ በ1923 እ.ኤ.አ.፣ የአንድ የተማሪዎች ማኅበር ልጆች ሌሊት መጥተው ሙሉውን ቀቡትና የጭፈራ ድግሳቸው ማስታወቂያ አደረጉት። አጥሩ በዚያው ተረፈ።

እንግዲህ ወደ ሥራው። ሕጉ አጭር ነው። በእጅ ብሩሽ ብቻ ይቀባል፤ ሮለርም ስፕሬይም አይፈቀድም። የሚቀባው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት መሆኑ ነው። አዲስ የመጣ ተማሪ «ከ12 እስከ 6» ሲባል በልቡ የሀገር ቤቱን ሰዓት እንዳያሰላ ልብ ይበል። ሦስተኛውና ዋናው ደግሞ ጥበቃ ነው። ቢያንስ ሁለት ሰው አጥሩ ጋ እስካለ ድረስ ሌላ ቡድን አይነካውም። ጠባቂ ከሌለ ግን ማንም መጥቶ ሊይዘው ይችላል።

ስለዚህ መጀመሪያ አጥሩን ያዙት። ቀን ላይ ሄዳችሁ እዩ። ሰው ካለ መቼ እንደሚለቁ በአክብሮት ጠይቋቸው። ባዶ ከሆነ እዚያው ቁጭ በሉ፤ ወዲያው ለጓደኞቻችሁ ደውሉ። ቀለም ልግዛና ልመለስ ያለ ሰው ሲመለስ ሌሎች ተቀምጠውበት ቢያገኝ ቅር ሊለው አይገባም።

ብዙ ሰው ከባዱ መቀባቱ ይመስለዋል። እኔ ግን ከባዱም ጣፋጩም መጠበቁ ነው ባይ ነኝ። ቀለሙ በአንድ ሌሊት ያልቃል። ጥበቃው ግን መልእክታችሁ እንዲቆይ የምትፈልጉትን ያህል ቀን ይቀጥላል፤ ቀንም፣ ሌሊትም፣ በዝናብም። ድንኳን ትከሉ። ብርድ ልብስና ፔርሙዝ ሙሉ ሻይ ያዙ። የሌሊቱን ተራ በሁለት በሁለት ሰዓት ከፋፍሉትና ስም በስም ጻፉት። ሁለት ማለት ሁለት ነው፤ አንዱ ሽንት ቤት ሲሄድ የሚቀረው አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ሌሊት ሌሊት ሦስት ሁኑ። ተረኛው «መንገድ ላይ ነኝ» ቢል እንኳ በዓይናችሁ እስክታዩት ንቅንቅ አትበሉ። ክፍል ውስጥ ሰላም ብቻ የምትባባሉት ልጅ ጋር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ አንድ ብርድ ልብስ ተጋርታችሁ ስትቀመጡ፣ ስለ እናቱም ስለሚፈራው ፈተናም ያወራችኋል። ለዚህ ስል ነው ጥበቃውን ለታናናሾች ብቻ አትተዉ የምለው።

ቀለሙን ቀድማችሁ ግዙ። ለውጪ ግድግዳ የሚሆን፣ በውሃ የሚቀጥን ፕላስቲክ ቀለም ይሻላል፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። አንድ ጋሎን፣ ማለትም 3.8 ሊትር ገደማ፣ ለስላሳ ግድግዳ ላይ 35 ካሬ ሜትር አካባቢ ይሸፍናል። አጥሩ ግን ጎርባጣ ስለሆነ የበለጠ ይበላል፤ የመደቡን ቀለም ተረፍ አድርጋችሁ ያዙ። ሰፊ ብሩሽ ለመደቡ፣ ቀጭን ብሩሽ ለፊደሉ። ጓንት፣ ማማሰያ እንጨት፣ ሣሩ ላይ የሚነጠፍ ላስቲክና የግንባር ባትሪም አትርሱ። የፒትስበርግ የክረምት ብርድ ቀልድ አያውቅም። ባልዲው ላይ ቀለሙ የሚይዝበት ዝቅተኛ ሙቀት ተጽፏል፤ አንብቡት። ከዚያ በታች ከሆነ ቀለሙ በደንብ ሳይይዝ ይረግፋል።

6 ሰዓት ሲሞላ ጀምሩ። መጀመሪያ ተንቀርፎ የተንጠለጠለውን ቀለም በእጅ አንሱ፤ አትፋቁት። አንዷን ቅራፊ በባትሪ ብርሃን ከጎኗ እዩአት። ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ፣ እንደገና ነጭ፣ እንደ እንጀራ ድርብርብ። እያንዳንዷ መስመር አንድ ሰው እንቅልፉን ያጣባት ሌሊት ናት። የመጀመሪያው የእንጨት አጥር በ1993 እ.ኤ.አ. የወደቀው በዚሁ የቀለም ክብደት ነው። የአሁኑ ውስጡ ብረት ያለው ኮንክሪት ነው።

መደቡን ከላይ ወደ ታች ቀቡ። ሁለት ሰው ከዚህ ጫፍ፣ ሁለት ሰው ከዚያ ጫፍ ተነሥታችሁ መሃል ላይ ተገናኙ። ብሩሹን አትንከሩት፤ ጫፉን ብቻ አስነኩት፤ ካልሆነ ይዝረበረባል። ሙሉውን ሸፍኑት፣ የአግዳሚዎቹን ሥርም ጭምር። የድሮው ጽሑፍ ብቅ ካለ ሁለተኛ እጅ ድገሙት። በጣታችሁ ስትነኩት የማይጣበቅ ሲሆን ፊደሉን በጠመኔ ንደፉ፤ ቃላቱን ቆጥራችሁ ቦታ አካፍሉ። ብዙ ሰው የመጨረሻው ፊደል ላይ ነው ቦታ የሚያልቅበት።

ለእንቁጣጣሽ በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንድ ምክር አለኝ። ፊደላችን እግርና ቅጥያ አለው። «ለ» እና «ሉ»፣ «በ» እና «ቡ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ነው፤ አግዳሚዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ከዋለች ጭረቷ ትጠፋለች። ስለዚህ ቃሉን አሳጥሩ፣ ፊደሉን አተልቁ። አረንጓዴ መደብ ላይ ቢጫ አደይ ከሩቅ ይጣራል። የዩኒቨርሲቲው የአፍሪካ ቅርንጫፍ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኪጋሊ ነው፤ እዚያ የሚማር የሀገር ልጅ ካላችሁ ፎቶውን ላኩለት።

ሌላ ግቢ ያላችሁ ሕጉ እንደሚለያይ እወቁ። ኢቫንስተን፣ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚቀባው ትልቅ ድንጋይ ነው፤ እዚያ መጀመሪያ 24 ሰዓት ትጠብቁና ከዚያ ሌሊት ትቀባላችሁ። አን አርበር ከተማ ያለውን ድንጋይ ደግሞ ማንም ሲደርስ ይቀባዋል፤ ጠዋት የጻፋችሁት ማታ ላይጠብቃችሁ ይችላል።

ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ብሩሽ አስቀምጡ። ላስቲኩን ጠቅልሉ፣ ባልዲዎቹን ክደኑ፣ ሣሩ ላይ የወደቀ ቅራፊ ልቀሙ። ብሩሾቹን ሳይደርቁ እጠቡ። ፎቶውን ብርሃን ሲወጣ ከሁለቱም በኩል አንሡ። ሁለት ሰው ድንኳኑ ውስጥ ይቅር፣ ሌላው ሄዶ ይተኛ። ቀጣዩ ተራ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው።