ወንዱ ካደናገራችሁ ሴቷን ፈልጉ

ኮሎምቢያ ወፍ ለማየት የምትሄዱ ካላችሁ ይቺን ያዙልኝ። ባርድ አንትሽራይክ እና ባር ክረስትድ አንትሽራይክ የሚባሉት የቅርብ ዘመዳሞች ወንዶቻቸው ያደናግራሉ። ሁለቱም እንደ ሜዳ አህያ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ናቸው። ዓይናቸውም ያው ፈዛዛ ቢጫ ነው። ጉትያቸው ይለያል፦ የባርዱ ከላይ ጥቁር ነው፣ የሌላኛው ጉትያ ግን እሱም መስመር በመስመር ነው። ግን ቁጥቋጦ ውስጥ የሚሽሎከለክ ወፍ ጉትያውን መች ያሳያል?

ስለዚህ በወንዱ አትድከሙ። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚንቀሳቀሱት። እሱ ሲዘምር እሷም ትመልስለታለች፣ ትንሽ ታገሱ። የሁለቱም ሴቶች ጀርባ ቀይ ቡኒ፣ ጉንጫቸው ጥቁር ሰረዝ ያለበት ነው። እናንተ ሆዷን እዩ። መስመር የሌለው ፈዘዝ ያለ ቡኒ ከሆነ ባርድ ናት። ከደረቷ ጀምሮ ጥቁርና ነጭ መስመር ከሆነ ባር ክረስትድ። ከታች ስታዩዋት የባሏን ሸሚዝ የለበሰች ነው የምትመስለው!

ኮስታሪካ ከሆናችሁ ደግሞ ይሄ ሁሉ ጣጣ የለም። ባርዱ ከሜክሲኮ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ይገኛል፣ ባር ክረስትዱ ግን በዋናነት የኮሎምቢያ አንዲስ ወፍ ነው።