ላስት ወርዴን እንዴት አገኘሁት

የምርቃት መጽሔቱ ኮሚቴ «ፎቶና ላስት ወርድ እስከ ዓርብ አስገቡ» ሲል እኔ ያለኝ ፎቶው ብቻ ነበር። ላስት ወርድ፣ ማለትም ከፎቶው ሥር የሚታተመው የመሰነባበቻ ቃል፣ ከ15 ቃል ማለፍ አይችልም። መጀመሪያ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብዬ ላክሁ፤ ተወካያችን ስቆ «አንቺ ስድስተኛዋ ነሽ» አለኝ። ቀጥዬ የኔልሰን ማንዴላ ነው እየተባለ የሚዞረውን «እስኪሠራ ድረስ ሁሌም የማይቻል ይመስላል» የሚለውን አሰብኩ። መቼና የት እንደተናገሩት ብፈልግ አጣሁ፤ ያላጣራሁትን ነገር በሰው ስም ከፎቶዬ ሥር ማሳተም አስጠላኝ።

መፍትሔው አንድ ጥያቄ ሆነ፦ እዚህ ግቢ ውስጥ ደጋግሜ ያልኩት ነገር የቱ ነው? የዶርም ልጆችን ጠየቅኳቸው። ሦስቱም ሳይመካከሩ፣ እሑድ እሑድ ማታ ስልክ ላይ የምላትን አንዲት ነገር መለሱልኝ። እንዲህ አድርጌ ጻፍኳት፦

«አራት ዓመት ሙሉ የዋሸሁት አንድ ውሸት፦ አዎ እማዬ፣ በልቻለሁ።»

ዘጠኝ ቃል። ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኳት፤ አፍ ላይ አትሰናከልም። ደግሞ የማንም አይደለችም።

መጽሔቱ ሲወጣ እማዬ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። «ታዲያ የምልክልሽን በሶ ማን ነው የጨረሰው?»