የዶኖቫንን የ1960ዎቹ ዘፈኖች እንደገና እንዴት ማዳመጥ (በጊታርም መሞከር) ይቻላል

ስኮትላንዳዊው ዶኖቫን ሊች በብዙ ሰው ዘንድ የሚታወቀው በአራት ወይም በአምስት ዘፈኖች ነው። እነሱም የሚሰሙት ብዙውን ጊዜ «ምርጥ ዘፈኖች» በሚል ስብስብ ውስጥ ነው፤ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቆ፣ ዘመናቸው ተቀላቅሎ። እንዲህ ሲሰማ ሰውየው ግራ ያጋባል። አንዱ ዘፈን ጊታርና አርሞኒካ ብቻ ነው፣ ቀጣዩ ሃርፕሲኮርድ (ፒያኖ መሰል የድሮ መሣሪያ) እና ሲታር (የህንድ የክር መሣሪያ) ይዞ ይመጣል፣ ከዚያ ደግሞ ጆሮ የሚሰነጥቅ ኤሌክትሪክ ጊታር ይከተላል። በተቀዱበት ቅደም ተከተልና በትክክለኛው ቅጂ ሲሰሙ ግን ነገሩ ይገለጣል፦ ከ1965 እስከ 1968 ባለው ጊዜ ብዙም ያልተለወጠው የሰውየው የጊታር አጨዋወት ነው፤ የተለወጠው በዙሪያው ያለው ቅንብር ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ይህን በጆሮ ለማረጋገጥ የሚረዳ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ዘፈኖቹን ሰብስቦ መደርደር

የሚከተሉትን 11 ዘፈኖች በዚህ ቅደም ተከተል አንድ ዝርዝር ውስጥ ያስገቡ፦ «ካች ዘ ዊንድ»፣ «ከለርስ» እና «ሰኒ ጉጅ ስትሪት» (1965)፤ «ሰንሻይን ሱፐርማን»፣ «ሲዝን ኦቭ ዘ ዊች» እና «ሜሎ የሎ» (1966)፤ «ዜር ኢዝ ኤ ማውንቴን» እና «ዌር ዩር ላቭ ላይክ ሄቨን» (1967)፤ «ጄኒፈር ጁኒፐር»፣ «ሃርዲ ገርዲ ማን» እና «አትላንቲስ» (1968)። ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም። «ዩኒቨርሳል ሶልጀር»ን ያልጨመርነው ረስተነው አይደለም። ዶኖቫን በ1965 ዘፍኖ ዝነኛ ቢያደርገውም የደረሰችው አሜሪካ ያደገችው ባፊ ሴንት ሜሪ ናት።

የኢንተርኔት ሙዚቃ መተግበሪያዎች ከዘፈኑ ጎን የሚጽፉት ዓመት ብዙ ጊዜ ዘፈኑ በድጋሚ የታተመበት ስለሆነ አይመኑት። ከላይ ያለውን ቅደም ተከተል ይከተሉ።

2. የትኛው ቅጂ እንደሆነ ማጣራት

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ወስዶ ማጣራት ይገባል።

«ካች ዘ ዊንድ» ቢያንስ በሦስት መልክ ይገኛል። በመጋቢት 1965 በነጠላ ዜማ የወጣው ቅጂ ከጀርባው የክር መሣሪያዎች አሉት፣ ድምፁም ላይ የማስተጋቢያ ውጤት ተጨምሮበታል። በዚያው ዓመት በመጀመሪያው አልበሙ ላይ ያለው ክሮቹ የሉትም፤ በምትካቸው አርሞኒካ አለ። ሦስተኛው በ1969 መጀመሪያ ኤፒክ ኩባንያ ባሳተመው የምርጥ ዘፈኖች ስብስብ ላይ ያለው ነው፤ ረጅምና በሙሉ ባንድ የታጀበ። ኤፒክ በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ላይ መብት ስላልነበረው «ካች ዘ ዊንድ» እና «ከለርስ» ለዚያ ስብስብ ሲባል እንደ አዲስ ተቀድተዋል። ስብስቡ በአሜሪካ በብዛት ስለተሸጠ፣ ብዙ ሰው «የ1965 ዘፈን» ብሎ የሚያውቀው ይህንን ዘግይቶ የተቀዳውን ነው። መለየቱ ቀላል ነው፤ ድራም ከሰሙ የ1965ቱ አይደለም። ለዚህ ዝርዝር የአልበሙን ቅጂ ይምረጡ፤ ጊታሩ ከሁሉም ይልቅ ጥርት ብሎ የሚሰማው እዚያ ላይ ነው።

በ«ሰንሻይን ሱፐርማን» ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚህ ያ የ1969 ስብስብ ይጠቅማል። ነጠላ ዜማው ለሬዲዮ እንዲመች ወደ 3 ደቂቃ ከሩብ ተቆርጧል። ስብስቡ ላይ ያለው ግን ያልተቆረጠው ነው፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ ይረዝማል፣ ድምፁም እውነተኛ ስቴሪዮ (በግራና በቀኝ የተለያየ ድምፅ ያለው) ነው። ሁለቱንም ይያዙ።

የድሮ ሸክላ ለሚገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በዚያ ዘመን «ስቴሪዮ» ተብለው ከተሸጡት ሸክላዎች አንዳንዶቹ ሞኖውን (በሁለቱም ጎን አንድ ዓይነት የሆነውን ድምፅ) በመሣሪያ ለሁለት ከፍለው የሠሯቸው ናቸው፤ ቀጭኑን ድምፅ ወደ አንድ ጎን፣ ወፍራሙን ወደ ሌላው። ውጤቱ ባዶና የራቀ ድምፅ ነው። ከእንዲህ ዓይነቱ ንጹሕ ሞኖ ይሻላል።

3. ማዳመጫውን ማዘጋጀት

በስልክ ድምፅ ማጉያ አይሞክሩት። ትንሽ ማጉያ የቤዙን ዝቅተኛ ድምፅ ማውጣት አይችልም፤ «ሰንሻይን ሱፐርማን» እና «ሜሎ የሎ» ደግሞ ግማሽ ነፍሳቸው ቤዙ ላይ ነው። መካከለኛ ዋጋ ያለው ባለ ገመድ የጆሮ ማዳመጫ በቂ ነው። በመተግበሪያው ውስጥ ያሉትን «ቤዝ ማጉያ» እና «ዙሪያ ድምፅ» የሚባሉ ማስተካከያዎች ያጥፉ፤ በተለይ ሁለተኛው ሞኖ ቅጂዎችን ያበላሻል።

4. እያንዳንዱን ዘፈን ሁለት ጊዜ መስማት

የመጀመሪያውን ዙር እንደ ማንኛውም አድማጭ ይስሙ። በሁለተኛው ዙር ከመዝሙሩ ላይ ድምፃዊውን በሐሳብ አውጥተው አንድ መሣሪያ ብቻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይከተሉ። የትኛውን መከተል እንደሚያዋጣ እነሆ።

በ1965ቱ ሦስት ዘፈኖች የጊታሩን ወፍራም ክሮች ይከተሉ። አውራ ጣቱ አንዴም ሳያርፍ ከአንዱ ክር ወደ ሌላው ሲመላለስ ይሰማል። «ሰኒ ጉጅ ስትሪት» ላይ ሲደርሱ ምቱ ወደ ጃዝ ያዘነብላል፤ ቀጣዩ ዓመት የሚመጣው ለውጥ ምልክቱ ከዚህ ይጀምራል።

«ሰንሻይን ሱፐርማን» የዝርዝሩ ማጠፊያ ስለሆነ ሦስት አራት ጊዜ ቢሰሙት አይከፋም። የተቀዳው በ1965 መጨረሻ ለንደን፣ በኢኤምአይ ስቱዲዮ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ሚኪ ሞስት፣ አቀናባሪው ጆን ካሜሮን ናቸው። በኩባንያዎች የውል ክርክር ምክንያት በአሜሪካ እስከ ሐምሌ 1966፣ በእንግሊዝ ደግሞ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆይቷል፤ በአሜሪካ በመስከረም አንደኛ ወጥቷል። መጀመሪያ ሃርፕሲኮርዱን ይከተሉ፤ የሚጫወተው ካሜሮን ራሱ ነው። ቀጥሎ ቤዙን። ከዚያ ኤሌክትሪክ ጊታሩን ይስሙ፤ በዚያን ጊዜ ገና የስቱዲዮ ተቀጣሪ የነበረው ጂሚ ፔጅ ነው። በመጨረሻ ደግሞ ኮርዶቹን (ባንድ ላይ የሚሰሙትን የድምፆች ስብስቦች) ብቻ ያስተውሉ። ከሥሩ ያለው ሦስት ኮርድ ያለው ተራ ብሉዝ ነው! «ሳይኬደሊክ» የተባለው ቀለም በሙሉ ከላይ የተቀባ ነው።

«ሲዝን ኦቭ ዘ ዊች» ወደ 5 ደቂቃ ይጠጋል፤ አብዛኛው በሁለት ኮርድ መካከል የሚመላለስ ነው። በዚህ ዘፈን መሣሪያ ሳይሆን የድምፃዊውን አተነፋፈስ ይከተሉ። ውጥረቱን የሚያመጣው ዜማው አይደለም፤ ቃላቱን የሚያዘገይበትና የሚያፈጥንበት መንገድ ነው። ኋላ ብዙ ባንዶች እያስረዘሙ የተጫወቱት ለዚህ ነው፤ ክፍት ቦታው ሰፊ ነው።

«ሜሎ የሎ» ላይ የነፋስ መሣሪያዎቹን ይስሙ። ቅንብሩ ኋላ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሌድ ዘፐሊን ቤዝ ተጫዋች የሆነው የጆን ፖል ጆንስ ነው። በአዝማቹ መሃል የሚንሾካሾከው ድምፅ የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ነው የሚል ወሬ ለዘመናት ተነዝቷል፤ የዶኖቫን የራሱ ነው። ማካርትኒ በዘፈኑ ላይ ያለው ከጀርባ ከሚፈነጥዙት ድምፆች አንዱ ሆኖ ነው።

«ዜር ኢዝ ኤ ማውንቴን» ላይ ዋሽንቱን ይከተሉ፤ ተጫዋቹ ጃማይካዊው ሃሮልድ ማክኔር ነው። ዘፈኑ ሦስት ደቂቃ አይሞላም፤ የአሜሪካው ባንድ ኦልማን ብራዘርስ ከዚህ ዜማ ተነስተው የሠሩት «ማውንቴን ጃም» ግን በ1972 አልበማቸው ላይ ከግማሽ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ጊዜ ካለዎት አከታትለው ይስሟቸው። «ዌር ዩር ላቭ ላይክ ሄቨን» እና «ጄኒፈር ጁኒፐር» ለስለስ ያሉ ናቸው፤ በሁለተኛው ላይ መጨረሻው ወደ ፈረንሳይኛ ሲዞር ማስተዋል ይበቃል።

«ሃርዲ ገርዲ ማን» ሲደርስ ድምፁን ትንሽ ይቀንሱ፤ ከቀደሙት ይልቅ ይከብዳል። የሚርገበገበው ድምፅ በጉሮሮ የተሠራ ብቻ እንዳይመስልዎት፤ ትሬሞሎ የሚባል የመሣሪያ ውጤት አለበት። ከሥር የማያቋርጥ አንድ ድምፅ የሚይዘው ታምቡራ የሚባለው የህንድ የክር መሣሪያ ነው። ዘፈኑ የተደረሰው በ1968 መጀመሪያ ዶኖቫን ከቢትልስ ጋር ሪሺኬሽ፣ ህንድ፣ በተመስጦ መምህሩ በማሃሪሺ ዘንድ በነበረበት ጊዜ ነው። የቢትልሱ ጆርጅ ሃሪሰን አንድ ስንኝ ጽፎለት ነበር፤ ዘፈኑ እንዳይረዝም ተብሎ ከቅጂው ቀርቷል። ጊታሩንና ድራሙን ማን እንደመታ ሁለት አፍ አለ። ዶኖቫን ኋላ ሌድ ዘፐሊንን የመሠረቱትን ሰዎች ይጠራል፤ ቅንብሩን የሠራውና ቤዝ የተጫወተው ጆንስ ግን ጊታሩ የአለን ፓርከር፣ ድራሙ የክሌም ካቲኒ ነው ይላል። የአቀናባሪው ቃል ይመዝናል።

«አትላንቲስ» ከሲሶ በላይ ንግግር ነው። የሚሰለቸው ሰው ብዙ ነው፤ ሆኖም ንግግሩን ዘሎ አዝማቹን ብቻ መስማት ጥቅም የለውም፤ የአዝማቹ ኃይል የሚመጣው ከዚያ ሁሉ ጥበቃ በኋላ ነውና።

5. ግጥሙን ከወሬው መለየት

«ሜሎ የሎ» የሙዝ ልጣጭ አጭሶ ስለመስከር ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ዘፈኑ የወጣው በጥቅምት 1966 ነው፤ የልጣጩ ወሬ የተነዛው በ1967 ነው። የአሜሪካ መንግሥት የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ሳይቀር መርምሮ የሚያሰክር ነገር አላገኘበትም። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ዶኖቫን በ1966 በካናቢስ ምክንያት ተይዞ ተቀጥቷል፤ በ1967 ባወጣው ጥንድ አልበም ላይ ደግሞ ወጣቶች ዕፅ እንዲተዉ በጽሑፍ ጠይቋል። ስለዚህ ከ1967 በኋላ ያሉትን ዘፈኖች ሁሉ የዕፅ ምስጢር እየፈለጉ መስማት ያሳስታል። ከሞላ ጎደል የሚያወሩት ስለ ተመስጦ፣ ስለ ቀለምና ስለ ተረት ነው።

6. በጊታር መሞከር

አጨዋወቱን በእጅ ሲሞክሩት ጆሮ የሳተውን ጣት ያገኘዋል። ዶኖቫን በሪሺኬሽ ለጆን ሌነን ያስተማረው ይህንኑ የጣት አመታት ነው፤ በቢትልስ «ዲር ፕሩደንስ» እና «ጁሊያ» ላይ ይሰማል። የብረት ክር ያለው አኩስቲክ ጊታር ይበቃል።

በ«ከለርስ» ይጀምሩ፤ ዲ፣ ጂ እና ኤ ኮርዶች ይበቁታል። አውራ ጣት በዲ ላይ 4ኛና 3ኛ ክርን፣ በጂ ላይ 6ኛና 4ኛን፣ በኤ ላይ 5ኛና 4ኛን እያፈራረቀ ይመታል። ጠቋሚ ጣት ለ2ኛው ክር፣ የመሃል ጣት ለ1ኛው ክር ይሁን። አመታቱ በአራት ምት እንዲህ ነው፦

- አንድ፦ አውራ ጣትና የመሃል ጣት በአንድ ላይ
- ሁለት፦ አውራ ጣት፤ ወዲያው በግማሽ ምት ጠቋሚ
- ሦስት፦ አውራ ጣት፤ ወዲያው በግማሽ ምት የመሃል ጣት
- አራት፦ አውራ ጣት ብቻ

ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርገው አውራ ጣቱን ለብቻው 5 ደቂቃ ያለማምዱ፤ ሌሎቹን ጣቶች ከዚያ በኋላ ብቻ ይጨምሩ። የተለመደው ስህተት ጣቶቹ ሲገቡ አውራ ጣቱ መቆሙ ነው፤ እጅ ክሮቹን ባንዴ መምታት ስለለመደ ጣቶቹን ለይቶ ማዘዝ ይከብደዋል። መፍትሔው ፍጥነት መቀነስና የመዳፉን ጠርዝ በወፍራሞቹ ክሮች መነሻ፣ ከድልድዩ አጠገብ፣ ቀለል አድርጎ ማሳረፍ ነው፤ አውራ ጣቱ የሚመታው ድምፅ ስለሚታፈን ከቀጭኖቹ ተለይቶ ይሰማል።

ይህን አመታት «ካች ዘ ዊንድ» ላይ እንዳለ ከወሰዱት አይገጥምም፤ ያ ዘፈን ባለ ሦስት ምት ነው። እዚያ አንድ ላይ አውራ ጣት፣ ሁለትና ሦስት ላይ ጠቋሚና የመሃል ጣት አንድ ላይ ይመታሉ፤ ኮርዶቹ ሲ፣ ኤፍ እና ጂ ቢሆኑ ለጣት ይቀላሉ። ዜማው ለድምፅዎ ዝቅ ካለ ካፖ (ክሮቹን የሚጫን መቆንጠጫ) 2ኛው ቤት (ፍሬት) ላይ ያድርጉ። አርሞኒካ አንገት ላይ አንጠልጥለው የሚጫወቱ ከሆነ ግን ካፖው ሲገባ የሲ አርሞኒካ አያገለግልም፤ የዲ ያስፈልጋል።

«ሲዝን ኦቭ ዘ ዊች» ለኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ኤ ሰባት እና ዲ ዘጠኝ ይበቃሉ፤ አዝማቹ ላይ ኢ ይጨመራል። ዲ ዘጠኝን እንዲህ ይያዙ፦ 5ኛ ክር 5ኛ ቤት፣ 4ኛ ክር 4ኛ ቤት፣ 3ኛና 2ኛ ክር ሁለቱም 5ኛ ቤት፤ 6ኛውና 1ኛው አይመቱም። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ የግራ እጅን ከፍሬቶቹ ሳያነሱ ጫናውን ለቀቅ ያድርጉ፣ ክሩ እንዲታፈን። ሁለት ኮርድ ብቻ ስለሆነ እጅ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ደግሞ ይፈጥናል። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ሜትሮኖሙን ቀድመው ከተገኙ ከመጀመሪያው ይጀምሩ።