የትኛውን ቅጂ ነው የምትገዙት? በፒሲና በኮንሶል ጌሞች ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

አንድ ጌም ለፕሌይስቴሽን፣ ለኤክስቦክስና ለፒሲ ሲወጣ ስሙም ሽፋኑም አንድ ነው። ሥራው ግን ብዙ ጊዜ በተለያየ ጊዜ፣ አንዳንዴም በተለያየ ስቱዲዮ የተሠራ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው የሚጎዳውም እዚህ ላይ ነው። ከታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የኮንሶሉን ግምገማ አንብቦ የፒሲውን መግዛት

ትልቁ ስህተት ይህ ነው። «ዘ ላስት ኦፍ አስ ፓርት ዋን» በሴፕቴምበር 2022 ለፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ በደንብ ይሠራ ነበር። በማርች 2023 ፒሲ ላይ ሲመጣ ግን ሼደር ማዘጋጀቱ ብቻ በብዙ ማሽኖች ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ፈጀ። ቪራማቸው (የካርዱ የራሱ ሜሞሪ) 8 ጊጋባይት የሆነ ግራፊክስ ካርዶችም ከፍተኛው ሴቲንግ ላይ ተጨናነቁ።

ሼደር ግራፊክስ ካርዱ ብርሃኑን፣ ጥላውንና የዕቃውን ገጽ እንዴት እንደሚስል የሚነግረው ትንሽ ፕሮግራም ነው። ፕሌይስቴሽን 5 ውስጡ የታወቀ ስለሆነ ሼደሩ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ከጌሙ ጋር ይመጣል። ፒሲ ላይ ካርዱም ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ሶፍትዌር) ከሰው ሰው ስለሚለያይ በእናንተው ማሽን ላይ መዘጋጀት አለበት። ዋናው ሜኑ ላይ በመቶኛ የሚቆጥረውን መስመር ሳትጨርሱ ወደ ጨዋታው ከገባችሁ፣ አዲስ በር በከፈታችሁና አዲስ ፍንዳታ በታየ ቁጥር ምስሉ ለቅጽበት ቀጥ ይላል። ካርዱ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ሼደሩ እዚያው እየተዘጋጀ ስለሆነ ነው። ድራይቨር አፕዴት ስታደርጉ ሥራው እንደ አዲስ ሊጀምር ስለሚችል ያኔም ታገሡት። ቪራም ካነሰባችሁ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ከመነካካት በፊት ቴክስቸር (የዕቃዎቹ ገጽ ምስል) የሚለውን ከሃይ ወደ ሚዲየም አውርዱት፤ ቦታውን በብዛት የሚይዘው እሱ ነው።

የፒሲ ጌም መደብሩ ስቲም በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ለተጫወታችሁት ጌም ገንዘብ ይመልሳል። ጌሙ ተከፍቶ ሼደር የሚያዘጋጅበት ጊዜ ግን ከዚያው 2 ሰዓት ላይ ይቀነሳል። ስለዚህ ሼደሩ እንዳለቀ መግቢያውን ትዕይንት ሳይሆን ውጊያ ወይም ሰው የበዛበት ቦታ ሞክሩ። የፕሌይስቴሽን መደብር ከዚህ ይከብዳል፤ 14 ቀን ቢሰጥም ዳውንሎድ ከጀመራችሁ፣ ጌሙ ራሱ ብልሽት ከሌለበት በቀር፣ ገንዘቡ አይመለስም።

ኮንሶል ከሆነ አያሳስብም ማለት

«ሳይበርፐንክ 2077» ዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሲወጣ ጠንካራ ፒሲ ላይ መጫወት ይቻል ነበር። ፕሌይስቴሽን 4 እና ኤክስቦክስ ዋን ላይ ግን እየተንቀረፈፈ፣ ምስሉ እየደበዘዘና ራሱን እየዘጋ ሰውን አማረረ። የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ከሳምንት በኋላ ከመደብሩ አውርዶት እስከ ጁን 2021 አልመለሰውም። በ2015 የወጣው «ባትማን፦ አርክሃም ናይት» ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ኮንሶል ላይ ደህና ሆኖ የፒሲው ሽያጭ በወጣ በቀናት ውስጥ ታገደ። የምታዩት ቪዲዮ በየትኛው ማሽን እንደተቀረጸ ጠይቁ። የተለመደው ፕሌይስቴሽን 4 ያለው ሰው በፕሮው የተቀረጸ ቪዲዮ አይቶ መወሰን የለበትም፤ ሲሪስ ኤስ ያለውም በሲሪስ ኤክስ እንደዚያው።

የእግር ኳስ ጌሞችን ትውልድ አለማየት

ፊፋ 21 እና ፊፋ 22 ፒሲ ላይ ሲሸጡ የነበሩት በፕሌይስቴሽን 4 ደረጃ ነው። ካርድህ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የፕሌይስቴሽን 5ን እንቅስቃሴ አይሰጥህም ነበር። እኩል የሆኑት በፊፋ 23 ነው። የቅርጫት ኳሱ ኤንቢኤ 2ኬም 2ኬ25 እስኪመጣ ድረስ የፒሲ ተጫዋቾችን በአሮጌው ትውልድ አቆይቷቸዋል።

ጓደኛሞች ተነጋግረው ሲገዙ የሚሳሳቱትም እዚሁ ጋ ነው። ፊፋ 23 ክሮስፕሌይ (የተለያየ ማሽን ያላቸው ሰዎች አብረው መጫወት) ሲጀምር ፕሌይስቴሽን 5፣ ኤክስቦክስ ሲሪስና ፒሲ እርስ በርስ ይገናኙ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 4 የሚገናኘው ከኤክስቦክስ ዋን ጋር ብቻ ነበር። ፕሌይስቴሽን 5 ያለው ሰው ከፕሌይስቴሽን 4 ጓደኛው ጋር በኢንተርኔት መጫወት ከፈለገ የፕሌይስቴሽን 4ን ቅጂ መጫን ነበረበት።

ፒሲ ላይም በዚያው ቀን ይወጣል ብሎ መጠበቅ

ጂቲኤ 5 በሴፕቴምበር 2013 ለኮንሶል ወጥቶ ፒሲ ላይ የደረሰው በኤፕሪል 2015 ነው፤ 19 ወር። «ሬድ ዴድ ሪዴምፕሽን 2»ም አንድ ዓመት አልፎት መጣ። ጂቲኤ 6 በይፋ ሲተዋወቅ የተጠሩትም ፕሌይስቴሽን 5 እና ኤክስቦክስ ሲሪስ ብቻ ናቸው። ጥሩ ፒሲ ያለው ሰው ለአንድ ጌም ብሎ ኮንሶል ከሚገዛ ቢታገሥ ይሻለዋል የሚል እምነት አለን፤ ዘግይቶ የሚመጣው ቅጂ ብዙ ጊዜ የተሻለ ምስል ይዞ ይመጣል። ሲመጣም በመጀመሪያው ቀን አትግዙ፤ ሁለት ሦስት አፕዴት ይውጣለት።

ቦታ

የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 825 ጊጋባይት ይባል እንጂ ለጌም የሚተርፈው 667 ያህል ነው። በዩኤስቢ የሚሰካ ሃርድ ዲስክ የፕሌይስቴሽን 5 ጌም ያስቀምጣል እንጂ አያጫውትም። ውስጡ የሚገባው ኤስኤስዲ በሰከንድ 5,500 ሜጋባይት እንዲያነብ ሶኒ ይመክራል፤ ሙቀት ማብረጃ ብረቱም አይቅር።

የአካውንቱን አገር ሳያጣሩ መክፈል

ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት) በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ይህ ፒሲ ላይም ይመጣል፦ በሜይ 2024 ሶኒ «ሄልዳይቨርስ 2» በስቲም የገዙ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ሲል፣ ጌሙ ከ170 በላይ አገሮች ውስጥ ከሽያጭ ወጣ። ግዴታው በቀናት ውስጥ ቢነሣም፣ በስቲም ገጽ ቀኝ በኩል «ተጨማሪ አካውንት ይጠይቃል» የሚለውን ማስታወቂያ ሳታነቡ አትክፈሉ።

ኮንሶል ላይ ደግሞ አብዛኛው ሰው አካውንቱን በሌላ አገር ስም ይከፍታል። የጊፍት ካርዱ አገር ከአካውንቱ አገር ጋር ካልገጠመ አይገባም፤ አካውንቱን ከከፈታችሁ በኋላ አገሩን መቀየርም አይቻልም። ካርዱን የሚልክላችሁ ዘመድ አሜሪካ ከሆነ አካውንቱም የአሜሪካ ይሁን።

ዲስክ ከሆነ የትም ቢገዛ የትም ይጫወታል። ከመደብሩ ለብቻው የሚገዛው ተጨማሪ ይዘት ግን ከዲስኩ ክልል ጋር መግጠም አለበት። የሽፋኑን የታች ጥግ ተመልከቱ፦ «ኢ»፣ «ቲ» ወይም «ኤም» የሚል የእንግሊዝኛ ፊደል ካለበት የአሜሪካ ነው፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል የፔጂ (የአውሮፓ የዕድሜ ደረጃ) ቁጥር ካለበት የአውሮፓ ነው። በአሜሪካ አካውንት የተገዛ ተጨማሪ ይዘት የአውሮፓ ዲስክ ላይ ዳውንሎድ ሆኖ ያልቃል፤ ጌሙ ውስጥ ግን አይታይም።