የሸማቾች ሱቅ እንዴት ይቋቋማል? እንዴትስ ይዘልቃል?

አዳማ ውስጥ የሸማቾች ሱቅ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የስኳርና የዘይት ሰልፍ ነው። የሱቁ ባለቤት ግን በማኅበር የተደራጀው ገዢ ራሱ ነው። በሰፈራችሁ አንድ ለማቋቋም ካሰባችሁ እንዲህ ጀምሩ።

መጀመሪያ ሰው አሰባስቡ፣ ቤት መከራየቱ ይደርሳል። ማን በወር ስንት ኪሎ ጤፍ፣ ስንት ሊትር ዘይት፣ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚገዛ ጻፉ። ዕጣ (የማኅበሩን የባለቤትነት ድርሻ) ከፍሎ ሌላ ቦታ የሚሸምት አባል ማኅበሩን አያኖረውም።

ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንብ አርቅቁና ተመዝገቡ። አንድ ዕጣ የገዛም አስር የገዛም ድምፁ አንድ ነው። ጠቅላላ ጉባኤው የሥራ አመራርና የቁጥጥር ኮሚቴ ይመርጣል። ቁጥጥሩ ላይ ይሉኝታ አይግባ፤ «ደረሰኙ የታለ?» ለማለት የማያፍር ሰው ምረጡ።

ዕቃውን ከምንጩ ፈልጉ። የገበሬ ማኅበራት ተባብረው ያቋቋሟቸው ዩኒየኖች አሉ፤ ለእህል ሞጆ ያለውን ሉሜ አዳማ ዩኒየን፣ ለአትክልት መቂ ባቱ ዩኒየንን አነጋግሩ።

ዋጋ ስታወጡ አትቸኩሉ። ብዙ ሱቅ የሚከስረው እዚህ ጋ ነው። 100 ኪሎ ሽንኩርት በ50 ብር ሒሳብ ገዛችሁ እንበል፤ 5,000 ብር ወጣ። 10 ኪሎው በስብሶ ቢጣል፣ የቀረውን በ55 ብር ብትሸጡ የሚገባው 4,950 ብር ነው። የመኪናና የሠራተኛ ወጪ ገና አልተነሳም! ስለዚህ ጆንያው እንደገባ ይዘርገፍ፣ የራሰው ይለቀም፣ ይመዘን፣ የተጣለውም ይመዝገብ። ከገበያው እጅግ አውርዶ መሸጥ አባሉን የጠቀመ ይመስላል፤ ሱቁን ግን ባዶ ያስቀረዋል። ደህና ዋጋ ያዙና ትርፉን በዓመቱ መልሱ።

አመላለሱን እንግሊዝ አገር ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች አሳይተዋል። እንደ ፈረንጆች በ1844 ዱቄት፣ ቅቤና ስኳር መሸጥ ጀመሩ፤ ትርፉን የተካፈሉት በግዢያቸው ልክ ነው። በዓመት 20,000 ብር የገዛች አባል 2,000 ከገዛው አስር እጥፍ ታገኛለች ማለት ነው። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ግዢ በአባሉ ስም ከተመዘገበ ነው። ከክፍፍሉ በፊት ለክፉ ቀን የሚቀመጠውን መጠባበቂያ ከትርፉ ላይ ቀንሱ።

ሮችዴሎች በዱቤ አይሸጡም ነበር። እናንተም አትሽጡ፣ ለሊቀመንበሩም ቢሆን። ዱቤ በአዘኔታ ይጀመርና የነገውን ጤፍ መግዣ ይበላል።

በየወሩ ዕቃ ቁጠሩ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ካልገጠመ ልዩነቱን በዚያው ሳምንት አጣሩ፣ ውጤቱንም አባላት እንዲያዩት በሩ ላይ ለጥፉ።